የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ከየት ይጀመራል?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ ምሳ ላይ ስልኩን አውጥቶ ረዘም ያለ ዝርዝር አሳየኝ። የ17 ዓመት ልጁ ጽፎ የሰጠው ነው። ከፕሮሰሰር ይጀምርና ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ እያለ እስከ ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ይወርዳል። ዕቃዎቹን አሜሪካ የምትኖረው የልጁ አክስት ለገና ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛ ትመጣለች ተብሎ ታስቧል። «ልጁ አጥንቶ የጻፈው ነው፤ ግን አንዱ ከአንዱ አልገጥምም ቢል ለማን አቤት እላለሁ?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጁ ዝርዝሩን የሠራው የአሜሪካና የአውሮፓ ዩቲዩበሮችን ተከታትሎ ነው። እነሱ የሚመክሩት ያልገጠመ ወይም የተበላሸ ዕቃ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ለሚቀበል ሸማች ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን ዕቃው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን ካለፈ በኋላ መመለሻው ይቸግረዋል። የአምራቹ ዋስትናም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ እዚሁ ከተማ የሚሸጠውም ቢሆን በብር ሲታሰብ እንደ ዋዛ ተገዝቶ የሚሞከር አይደለም። በመሆኑም እኛ ዘንድ «የቱ ይበልጥ ይፈጥናል?» ከሚለው ቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ «የቱ ላይ ብሳሳት ይበልጥ እከስራለሁ?» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ መካከለኛ የምለው ሞኒተርን ሳይጨምር ከ800 እስከ 1,200 ዶላር ገደማ የሚፈጀውን ነው። ከዚህ በታች የሆነ በጀት ያለው ሰው ፕሌይስቴሽን ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ ቢመለከት አይቆጨውም። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰውም ባትሪ ያለው የጌም ላፕቶፕ ቢያስቀድም አልፈርድበትም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ጥቅሙ ሲበላሽ የተበላሸውን ብቻ መቀየር መቻሉ፣ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላም አንድ ክፍል ብቻ ለውጦ ማደስ መቻሉ ነው።

ዝርዝሩን ሳየው መጀመሪያ ያስተዋልኩት የሌለውን ነው፤ ሞኒተር። «ቤት አለ» አለ ባልደረባዬ። ቤት ያለው ግን የቢሮ ሥራ የሚሠራበት 60 ሄርትዝ ሞኒተር ነው። 60 ሄርትዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ይታደሳል ማለት ነው። ግራፊክስ ካርዱ በሰከንድ 150 ምስል ቢያወጣም ዓይን የሚደርሰው 60ው ብቻ ነው። በ60 ሄርትዝ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ያህል አለ፤ በ144 ሄርትዝ ደግሞ ከ7 ሚሊሰከንድ ያነሰ። ተኩስ ወይም እግር ኳስ የሚጫወት ሰው ልዩነቱን እጁ ላይ ይሰማዋል።

ሁለተኛው የሞኒተር ጉዳይ የነጥቦቹ (የፒክስሉ) ብዛት ነው። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 1,920 በ1,080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ ሁለት ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። 1440ፒ ወደ 3.7 ሚሊዮን ይጠጋል። 4ኬ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ነጥብ በየምስሉ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ 4ኬ ሞኒተር የገዛ ሰው ለካርዱ ከ1080ፒ አራት እጥፍ ሥራ ሰጠው ማለት ነው፤ መካከለኛ ካርድ ይህን አይሸከምም። በዚህ በጀት የሚያዋጣው ባለ 24 ኢንች 1080ፒ ወይም ባለ 27 ኢንች 1440ፒ፣ ሄርትዙ 144 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሞኒተር ነው። ሞኒተር ከባድና ተሰባሪ ስለሆነ በሻንጣ ከማምጣት እዚሁ አይቶና አብርቶ መግዛት ይሻላል። ከሌሎቹ ቀድሞ መወሰን ያለበትም እሱ ነው። የቀረው ዕቃ በሙሉ የሚመዘነው እሱን ለመመገብ ምን ያህል ያስፈልጋል ተብሎ ነውና።

ከዚያ ወደ ግራፊክስ ካርዱ እንለፍ። የበጀቱን ከሦስት አንድ እጅ እስከ ግማሽ ድረስ ለእሱ ብቻ መመደብ ብክነት አይደለም። የልጁ ዝርዝር ላይ የነበረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በ299 ዶላር መነሻ ዋጋ የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060 ነው። ፍጥነቱ ጥሩ ነው። የሚያነጋግረው የራሱ ሚሞሪ 8 ጊጋባይት ብቻ መሆኑ ነው።

የካርዱ ሚሞሪ ለምን ያነጋግራል? ጨዋታው የሚጠቀምባቸው ሥዕሎች፣ የግድግዳው፣ የልብሱ፣ የሣሩ፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣሉ። ቦታው ሲሞላ ካርዱ የጎደለውን በማዘርቦርዱ መስመር አልፎ ከኮምፒውተሩ ራም እየተመላለሰ ያመጣል። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሊጡ ለእያንዳንዱ እንጀራ ከጎረቤት ቤት እየተቀዳ የሚመጣ ከሆነ ጋጋሪዋ ቆማ ትጠብቃለች። ጨዋታውም እንደዚያ ነው፤ በአማካይ ሲለካ ፈጣን የሚመስለው ካርድ በየመሃሉ ድንገት ይደናቀፋል፣ ወይም ሥዕሉ ደብዝዞ ይቀራል። በ1080ፒና በመጠነኛ ሴቲንግ 8 ጊጋባይት ዛሬም ብዙ ጨዋታ ያስኬዳል። ሆኖም ካርዱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ለማይችል ሰው 12 ወይም 16 ጊጋባይት ያለውን መምረጥ ዕድሜ መግዛት ነው።

በዚህ ዋጋ አካባቢ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሲወጣ ባለ 16 ጊጋባይቱ 349 ዶላር ነበር። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ በሚያዝያ 2025 በ429 ዶላር ወጣ። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 ደግሞ በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር፣ ባለ 12 ጊጋባይት ሆኖ ቀረበ። እነዚህ ሲወጡ የተነገሩ ዋጋዎች ናቸው፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ዋጋ ከዚህ ሊርቅ ይችላል። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ እኔ ባለ 16 ጊጋባይቱን 9060 ኤክስቲ እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩ ቀን ቀን ቪዲዮ የሚቆርጥበት፣ የሕንፃ ሥዕል በሦስት አውታር የሚሠራበት ወይም አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሞከርበት ከሆነ ግን ብዙዎቹ የሙያ ሶፍትዌሮች ከኤንቪዲያ ጋር ይበልጥ ስለሚግባቡ ተጨማሪው 80 ዶላር ትርጉም አለው። አርክን በተመለከተ ከቆየ ፕሮሰሰር ጋር ሲጣመር ጉልበቱ በጉልህ ስለሚቀንስ አሮጌ ኮምፒውተር ለማደስ ብላችሁ አትግዙት። ሁለቱም ካርዶች፣ ማለትም 5060 እና 5060 ቲአይ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገሩት በ8 መስመር ብቻ መሆኑም ይታወስ፤ የቆየ ማዘርቦርድ ላይ፣ በተለይ ባለ 8 ጊጋባይቶቹ፣ ይበልጥ የሚንገዳገዱት በዚህ ምክንያት ነው።

የካርዱን ነገር ካነሳን በእጅ የሚዞረውን ያገለገለ ካርድ ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ብዙ ካርዶች ወደ ገበያው የጎረፉት ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ሲያቆም ነው። ለዚያ ሥራ የዋለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ፋኑና የሙቀት ቅባቱ ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። «አርኤክስ 580» ተብሎ የሚሸጠው ካርድ ሁለት ዓይነት ሲሆን አንደኛው 2,304 ኮር፣ በቻይና ገበያ የወጣው ደግሞ 2,048 ኮር አለው፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ከዚህም አልፎ የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ የአዲስ ስም የሚለጠፍበት አለ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ሻጩ ፊት ያስከፍቱት፤ ብዙዎቹን አስመሳዮች ያጋልጣል። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ትክክለኛ ሆኖ ያረጀም አለ። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች አዳዲስ ጨዋታን የሚያግዝ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በግንቦት 2025 የወጣው ዱም ደግሞ የብርሃን ጨረርን ራሱ የሚያሰላ ክፍል፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚሉት፣ ካርዱ ላይ ከሌለ ከነጭራሹ አይነሱም። ጂቲኤክስ 1080 በጊዜው ንጉሥ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአዳዲሶቹ ጨዋታዎች ብሎ መግዛት አያዋጣም።

አሁን ፕሮሰሰሩ። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» እያልን እንጠራለን፤ ሲፒዩ ማለት ግን በውስጡ ያለችው የክብሪት ቀፎ የምታክል ፕሮሰሰር ናት። በጨዋታ ጊዜ ሥራዋ ማን የት ቆመ፣ ጥይቱ ማንን መታ፣ ኳሷ ወዴት ነጠረች የሚለውን አስልቶ ለግራፊክስ ካርዱ «ይህን ሣል» ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ስድስት ጠንካራ ኮር በዚህ ደረጃ ይበቃል። የልጁ ዝርዝር ላይ የነበረው ኮር አይ7 14700ኬ ባለ 20 ኮር ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 409 ዶላር ነበር። ማለትም ሥዕሉን ከሚሥለው ካርድ ይልቅ ትእዛዝ ሰጪው በ110 ዶላር ይበልጥ ነበር። ይህ ለጌም የተገላቢጦሽ ነው።

በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ሌላም ነገር አለ። ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ከፍተኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየደረሰ ቀስ በቀስ እንደሚጎዳቸው እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል፤ ዋስትናውንም ከሦስት ወደ አምስት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው የማዘርቦርዱን ባዮስ በማሻሻል የሚጫን ሲሆን ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ባዮሱን የሚያሻሽልና ዋስትና የሚጠይቅ ሰው ያለ ሥጋት ሊገዛው ይችላል። ዋስትናው ለማይደርሰው ሰው ግን፣ በተለይ ያገለገለ ሲሆን፣ ሌላ መምረጥ ይሻላል።

ዝርዝሩ ላይ ያገኘሁት ትልቁ ስህተት ግን እዚህም አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ለ12ኛ፣ ለ13ኛና ለ14ኛ ትውልድ ኢንቴል የሚሆነው ማዘርቦርድ በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ አንዱ ዲዲአር4 ራም ይቀበላል፣ ሌላው ዲዲአር5። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚለየው ጫፉ ላይ ባለች አንዲት ፊደልና ቁጥር ነው። ልጁ የዲዲአር4 ማዘርቦርድ መርጦ የዲዲአር5 ራም ጽፏል። የሁለቱ ራም ስንጥቅ ያለበት ቦታ ስለሚለያይ በግድ ቢገፋም አይገባም። እንዲህ ያለው ስህተት አሜሪካ ላለ ገዢ የአንድ ከሰዓት ጣጣ ነው። እዚህ ግን ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ወራት የሚያስቆም ነው። በዚያ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ያለችው «ኬ» ፍጥነቱን ከተወሰነለት በላይ ማሳደግ ይቻላል ማለት ሲሆን የመረጠው ቢ760 ማዘርቦርድ ግን ይህን አይፈቅድም። የማይሠራበትን ነገር ከፍሎ ሊገዛ ነበር።

የእኔ ምክር ወደ ኤኤምዲ ኤኤም5 መሰኪያ መሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን ኩባንያው ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፈው አስታውቋል። ይህ ቃል ሊታመን የሚችለው ከዚህ በፊት በተግባር ስለታየ ነው። በ2017 የኤኤም4 ማዘርቦርድ የገዙ ብዙ ሰዎች በ2022 ባዮሱን ብቻ አሻሽለው በጊዜው ለጌም ከምርጦቹ አንዱ የነበረውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ገጥመዋል። የኢንቴሉ መሰኪያ ግን በ14ኛው ትውልድ ታሪኩ አብቅቷል። ራይዘን 5 7600 ባለ 6 ኮር፣ ኃይል ቆጣቢና ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ጋር የሚመጣ ነው፤ ከቢ650 ማዘርቦርድ ጋር ይበቃል። አዲሱን ራይዘን 9600ኤክስ የሚመርጥ ሰው ግን ማዘርቦርዱ የቆየ ሳጥን ከሆነ ባዮሱ ካልተሻሻለ ላያነሳው እንደሚችል ይወቅ።

ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ መሆኑ ዛሬ የሚያስከፍለው ነገር አለ። የራም አምራቾች ፊታቸውን ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት በማዞራቸው ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ንሯል። ማይክሮን የተባለው ትልቅ አምራች ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ራምና ኤስኤስዲ መሸጡን እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2025 እስከ ማስታወቅ ደርሷል። ስለሆነም ቤቱ ወይም ቢሮው ውስጥ ጥሩ የዲዲአር4 ራም ያለው ሰው እሱን ይዞ በኤኤም4 ራይዘን 5 5600 ላይ ቢገጥም ብልህነት ነው። አዲስ የሚገዛ ደግሞ ከ32 ጊጋባይት በፊት 16ቱን ያስብ። ሆኖም አንድ ባለ 16 ከሚገዙ ሁለት ባለ 8 ይግዙ። ፕሮሰሰሩ ራሙን በሁለት መንገድ ሲያነብ የጨዋታው ፍጥነት በግልጽ ይለወጣል።

ኤስኤስዲ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ይግዙ። ባልዱርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ አምራቹም ኤስኤስዲ ግድ ነው ይላል። በሰከንድ 14 ጊጋባይት ያነባል ተብሎ በውድ የሚሸጠውና መካከለኛው በጨዋታ ላይ ያላቸው ልዩነት ለዓይን አይታይም።

ወደ ፓወር ሰፕላይ ስንመጣ ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልጁ «600 ዋት» ብሎ ስም የሌለው፣ ከሁሉም ርካሹን ጽፏል። ለምን ቢባል ፓወር ሰፕላይ ጨዋታውን በሰከንድ አንድ ምስል እንኳ አያፈጥነውም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ገንዘብ የሚቆጥበው እዚያ ላይ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ቆጥቤ ነበር። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጷ አለ፤ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄደ። ፓወር ሰፕላዩ የሁሉንም ዕቃ ደም ሥር የያዘ ስለሆነ ሲሞት ብቻውን ላይሞት ይችላል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ይፈልጉና 12 ቮልት የሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። አምፔሩን በ12 ያባዙት። «600 ዋት» የተባለው ላይ 25 አምፔር ከተጻፈ ለእርስዎ የሚደርሰው 300 ዋት ነው። ጥሩ በሆነው ላይ ውጤቱ ከተጻፈው ዋት ጋር በጣም ይቀራረባል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከግድግዳ የሚወስደውን ኃይል ምን ያህሉን እንደማያባክን ይናገራል እንጂ ስለ ጥንካሬው አይመሰክርም፤ ሆኖም ምልክቱ ከሌለው ያለው ይሻላል። 9060 ኤክስቲ ወደ 160 ዋት፣ ራይዘን 7600 እስከ 90 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ሌላው ሁሉ ተደምሮ 300 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ እውነተኛ 550 ወይም 650 ዋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መክፈል አያስፈልግም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር ያረጋግጡ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ጎኑ ላይ «100-240» የሚል ከተጻፈበት ራሱ ያስተካክላል፤ ከግድግዳ የሚሰካውን ገመድ ብቻ እዚህ ይለውጡ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው ግን የድሮ ዓይነት ነው። መቀያየሪያው 115 ላይ ሆኖ የእኛ ሶኬት ላይ የተሰካ ዕለት ዕድሜው ያበቃል።

ዩፒኤስም ከበጀቱ ውስጥ ይግባ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እዚሁ ይገዛል። «650» ተብሎ የሚሸጠው በቮልት አምፔር የተለካ እንጂ በዋት አይደለም፤ በዋት ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። ጨዋታ መሃል መብራት ሲሄድ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ያህል ካቆየ ሥራውን ሠርቷል። መብራት ከጠፋ በኋላ ሲመለስ ደግሞ ወዲያውኑ አይክፈቱት፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

ኬዝን በተመለከተ የውጭ መመሪያዎች የማይነግሩን አንድ የራሳችን ጉዳይ አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ አየሯ ከጠረፍ ከተሞች አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው የአየር መጠን አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ቅዝቃዜያችን የተወሰነውን ይክስልናል። ቢሆንም ፊቱ በመስታወት የተዘጋ፣ መብራት የሚያብለጨልጭ ኬዝ ከመግዛት ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ፋን ያለውን መምረጥ ነው። ወንፊቱ የአቧራ ማጣሪያ ይኑረው፤ በበጋ በየወሩ ይጠረግ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ አንባቢ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ያን ሁሉ ይበላዋል። ኬዙን ሲገዙ የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር ጽፈው ይያዙ።

አዲስ ከመገጣጠም የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመር ለሚያስብ ሰው በአጭሩ፦ እነዚያ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ቅርጽ ያለውና ለካርድ የሚሆን ገመድ የሌለው ነው። ማዘርቦርዱ በራሱ መሰኪያ በኩል ለካርዱ የሚሰጠው 75 ዋት ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ የሚገባው በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ነው፤ 70 ዋት ይበቃዋል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 ያበቃ በመሆኑ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል፣ ማለትም ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የሆነ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ሰው የሚሸወድባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የሞኒተሩን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ በመሰካት ፈንታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩታል፤ ያን ጊዜ የተገዛው ካርድ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። 144 ሄርትዝ ሞኒተር ገዝተው ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው ስላልቀየሩት ለወራት በ60 ይጫወታሉ። የራሙን ሙሉ ፍጥነት የሚያበራውን፣ ኢንቴል ላይ ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤክስፖ የሚባለውን ቁልፍ ባዮስ ውስጥ ሳይነኩት ይቀራሉ። ሦስቱም አንድ ሳንቲም አያስወጡም። እግረ መንገዴን፣ ኦንላይን ሲጫወቱ ጨዋታው የሚዘገየው ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ስለሆነ ከሆነ የትኛውም ካርድ አያሳጥረውም።

ለባልደረባዬ በመጨረሻ የነገርኩት ስለ ጉዞው ነው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ኤስኤስዲው ከነሳጥናቸው በእጅ ሻንጣ ይምጡ። ኮምፒውተሩን እዚያ ገጣጥሞ ማምጣት አይሞከርም፤ የካርዱ ክብደት በመንገድ መሰኪያውን ይሰብረዋል። ከሁሉም በላይ አክስቲቱ ዕቃውን ከወር በፊት ገዝታ እንዳታስቀምጥ፤ ከበረራዋ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድማ ትግዛ፣ ደረሰኙንም ትያዝ። እዚህ በደረሰች በማግሥቱ ይገጣጠምና ሳምንት ሙሉ ያለ ርኅራኄ ይሞከር። የማይሠራ ከተገኘ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እሷው ይዛው ትመለሳለች።

ልጁ ዝርዝሩን ድጋሚ ጽፏል። አይ7 ወጥቶ ራይዘን 5 ገብቷል፤ በተረፈው ገንዘብ ካርዱ 16 ጊጋባይት ሆኗል፣ ፓወር ሰፕላዩም ስም አግኝቷል። ራም ላይ ገና ከአባቱ ጋር እየተከራከሩ ነው። ሞኒተሩን ግን ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ ወርደው አብረው ገዝተውታል።